የቀኝ በር ቫርኒሽ

ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው መኪና በአንድ እጅ የሚነሣ ነው። ከክንድ ያጥራል፣ ቀይ ነው፣ ጀርባው ላይ የሚታጠፍ መሰላል ተሸክሟል፤ ሞተር የለውም፣ ስለዚህም እስካሁን ተበላሽቶበት አያውቅም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑን ለሁለት ተካፍለውታል፤ በመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፣ በግድግዳው በኩል የእሱ ቀይ መኪና ዝም ብሎ ይቆማል። "የእኔ ስፌት ቤት ያስተዳድራል፣ ያንተ አቧራ ይሰበስባል" ትለዋለች። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳይረን ሥር የተቀመጠ ሰው በዚህ አይቸገርም።

ነገሩ የመጣው ከእሳት አደጋ ጣቢያው አዛዥ ነው። ጣቢያው ሹፌሩ ሲነዳው የኖረውን አሮጌ መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጠው ሆነ። አዛዡ ትንሽ ሆዱ ሳይባባ አልቀረም፤ በመግቢያው ላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ አምሳያ እንዲሠራለት ሹፌሩን ጠየቀው። "ልክ በመጨረሻው ቀን እንደነበረው አድርገህ" አለው። "ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ።"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻው ቀን በመኪናው ግራ በር ላይ በነጭ ቀለም "ሹፌር" የሚል ተጽፎ ነበር፤ በቀኙ በር ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ በፊት ግን፣ ለብዙ ዓመታት፣ ቀኙ በር ላይ "ጦጣ" የሚል ነበር።

ጦጣ ሰው ነው። ማንም ሰው ቱቦውን ፈትቶ ሳይጨርስ እሱ መሰላሉ ጫፍ ላይ ስለሚገኝ የጣቢያው ሰዎች ያወጡለት ስም ነው፤ እሱም ሳይከፋው ተቀብሎ በሩ ላይ አጻፈው። ሁለቱ አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አረጁ ማለት ይቻላል። አንዱ ሊያስነጥስ ሲያኮበኩብ ሌላው "ይማርህ" ብሎ ይጨርስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሹፌሩ አዛዡ ቢሮ ገባ፣ በሩን ከኋላው ዘጋና "የጦጣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከእንግዲህ ከፍታ ላይ ባይወጣ ይሻላል" አለ። ለጦጣ ግን ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ጦጣ ከመኪናው ወርዶ ስልክ ላይ ተመደበ፣ በሩም በቀይ ተቀብቶ ስሙ ጠፋ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ አልተቸገረም፤ እዚያ ጣቢያ በር ተዘግቶ የተነገረ ነገር ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚሰማው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የተነጋገሩት በሬዲዮ ብቻ ነው። ጦጣ ከስልክ ክፍሉ አድራሻ ይናገራል፣ ሹፌሩ "ተቀብያለሁ" ይላል። ይህ እንደ ጨዋታ ከተቆጠረ እስከ ጡረታ ድረስ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጡረታ ሲመጣ ሬዲዮውም ቀረ። ሹፌሩን ነገሩ አንጀቱን ይበላዋል፤ ሰው እንዳያውቅበት ይጥራል እንጂ ሚስቱ ታውቃለች። የሚፈልገው ያ ስም በሩ ላይ እንዲመለስ ነው። ቢሆንለት ሰውየውም።

ስለዚህ አምሳያው ተገጣጥሞ፣ ቀይ ተቀብቶ ሲደርቅ፣ ከስቲከሮቹ ሁሉ አስቀድሞ ለመለጠፍ ያነሣው የቀኙን በር ነው። ስቲከሮቹን ያሳተመው ማተሚያ ቤት ነው፤ አታሚው "ጦጣ" የሚለውን አይቶ ስህተት መስሎት ሁለት ጊዜ ደውሎለታል። በውሃ የሚለቀቁ ስቲከሮች ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ትነክራቸዋለህ፣ ስስ የሆነችው ምስል ከወረቀቷ ትንሸራተታለች፣ በወረንጦ ይዘህ ቦታዋ ላይ ታሳርፋታለህ። ሹፌሩ ትንፋሹን ውጦ አሳረፋት። በጨርቅ መታ መታ አደረጋትና ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ ዙሪያዋን ነጭ ጉም ወርሷት ነበር። "ጦጣ" የሚለው ቃል ጭስ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል።

ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ብላ አየችው። "ምነው፣ አሁንም ቃጠሎ ላይ ነው እንዴ?"

ሹፌሩ የአምሳያ ወይም የሞዴል መሥሪያ ዕቃ ወደምትሸጥ ሴትዮ ሄደ፤ ጉዳዩን ሰምታ ምንም አልገረማትም። ደብዛዛ ቀለም ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ጉድጓድ የሞላበት ነው አለችው፤ ስቲከሩ ሲያርፍበት አየር ከሥሩ ይታፈንና ሲደርቅ ጉም ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በሚያበራ ቫርኒሽ ለስልሶ እንደ መስታወት መሆን አለበት፤ ከዚያ ስቲከሩ ይለጠፋል፤ ከዚያ ከላይ የመጨረሻው ቫርኒሽ ይነፋበታል።

"የመጨረሻውስ የትኛው ነው?" አለ ሹፌሩ።

"እሱ የእርስዎ ምርጫ ነው፣ አባባ። የሚያበራ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ደብዛዛ አለ። መኪናው በእውነት የሚመስለውን ይምረጡ።" ከዚያም ጣቷን አነሣች። "የመኪና ቫርኒሽ ግን እንዳይነኩ። ስቲከሩን ይበላዋል።"

ሹፌሩ ሦስቱንም የሚነፋ ጣሳ ገዝቶ ወጣና፣ ከጋራዥ ጓደኛው ዘንድ ጎራ ብሎ የመኪና ቫርኒሽም ለመነ። ስለ መኪና ነገር የሞዴል ሻጭ ልትነግረው ነው እንዴ? እውነተኛ መኪና ላይ ለዓመታት የሚቆይ ቫርኒሽ ለዚህች ሚጢጢ ያንሳል? እነዚህ ሞዴል ሠሪዎች አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ ዋናው ሥራ ላይ ከመድፈራቸው በፊት የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ይሞክራሉ። ሹፌሩም ለልጅ ልጆች ልደት ከተገዛው ማንኪያ አራት አውጥቶ ቀይ ቀባ፣ በየማንኪያው ሆድ ላይ አንድ አንድ "ጦጣ" ለጠፈ፣ በሦስቱ ላይ የሴትዮዋን ቫርኒሾች፣ በአራተኛው ላይ የመኪናውን ቫርኒሽ ነፋ። ጽሑፉ ዓይኑ እያየ ውሃ ውስጥ የቆየ ጣት መስሎ ተጨማደደ። ሹፌሩ ማንኪያውን ለማንም ሳያሳይ ከቆሻሻው ሥር ቀበረው፣ ጣሳውንም ለጋራዡ መለሰ። "እንዴት ነው?" ሲባል "ቆንጆ ነው" አለ።

የቀሩት ሦስት ማንኪያዎች በወጉ ደረቁ። አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ መካከለኛ ነው፣ አንዱ ድብዝዝ ያለ ነው። ጉም የወረሰውን ስቲከር በፕላስተር ልጦ አነሣ፣ መኪናውን ሙሉ በሙሉ በሚያበራው ነፋው፣ አዲስ "ጦጣ" በቀኙ በር ላይ አሳረፈ። በሩ እጀታ ስላለው ስቲከሩ ለስልሶ እንዲቀመጥለት ከወጥ ቤት ኮምጣጤ አምጥቶ በብሩሽ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ጉም የለም፣ ሽብሽብ የለም። ጽሑፉ በሩ ላይ የተወለደ ይመስላል።

"ጎበዝ" አለች ሚስቱ፤ ከጀርባው ቆማ ነበር። "አዛዡ ግን በሩ ባዶ ይሁን አላለህም?"

"ብሎኛል።"

"የስሙ ባለቤትስ? ጠየቅኸው?"

ሹፌሩ ወረንጦውን መወልወል ጀመረ። ወረንጦው ንጹሕ ነበር።

"ያን ጊዜ ሳትጠይቀው ስሙን ከበሩ አስነሣህ" አለች። "አሁን ደግሞ ሳትጠይቀው ልትመልስ ነው? ሰውየው ሰው ነው ወይስ ስቲከር?"

እሷ እንዲህ ናት። ቀኑን ሙሉ ስለ ቁልፍና ስለ ዚፕ እያወራች ቆይታ ድንገት አንድ ነገር ትናገርና ተመልሳ ክር ትበጥሳለች። ሹፌሩ ሦስቱን ማንኪያዎች በሸሚዙ ኪስ ሻጠና ወጣ።

ጦጣ የሚኖረው ምድር ቤት ነው። በሩን የከፈተው ራሱ ነው፤ ትንሽ ጎብጧል፣ ፂሙን አሳድጓል። ሹፌሩን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ሞተሃል ሲሉ ነበር" አለ።

"እነማን ናቸው የሚሉት?"

"እኔ ነኝ።"

ሹፌሩ ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠረገ።

"ግባ አልልህም" አለ ጦጣ።

"አልገባም።"

"ታዲያ በሬን ከፍተህ ብርድ የምታስገባብኝ ለምንድን ነው? ግባና ዝጋው።"

ገባ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ጦጣ ከጠረጴዛው ላይ የውሃ ኩባያውን በሁለት እጁ አንሥቶ ጠጣ፣ በሁለት እጁም መልሶ አስቀመጠው። ሹፌሩ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ጨነቀው። በመጨረሻ ሦስቱን ማንኪያዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

"ምንድን ነው? ልታጎርሰኝ ነው?"

"ቫርኒሽ ነው። ላማክርህ ብዬ ነው።" ስለ አዛዡ፣ ስለ መስታወት ሳጥኑና ስለ አምሳያው ነገረው። ስለ በሩ ብቻ አልነገረውም። "የመጨረሻው ቫርኒሽ መኪናውን መምሰል አለበት። የእኛ መኪና የትኛው ነበር?"

ጦጣ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘ። የራሱን ስም በየማንኪያው ላይ አየው፤ አየሁ ግን አላለም። ማንኪያው በጣቶቹ መካከል ይርገበገባል፤ ብርሃኑም ጣሪያው ላይ ይርገበገባል።

"አንዱም አይደለም" አለ።

"እንዴት አንዱም አይሆንም?"

"የእኔ ጎን ያበራ ነበር። ያንተ ጎን ቆሻሻ ነበር።"

"ምን ማለትህ ነው? መኪናው እኮ አንድ ነው!"

"መኪናው አንድ ነው፣ እኛ ግን ሁለት ነበርን። እኔ የቀኙን ጎን በየማለዳው በሰም እወለውለው ነበር። ግራውን ላንተ ተውኩት። አንተ ደግሞ ለዝናብ ተውከው።"

ሹፌሩ ሊከራከር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አዛዡ ሰልፍ በሚኖርበት ቀን ፀጉሩን የሚያበጥረው ቀኙ በር ፊት ቆሞ እንደነበር ትዝ አለው። ግራው በር ፊት ቆሞ ያበጠረ ሰው አይቶ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት መሪው ላይ ተቀምጦ፣ የነዳው መኪና ግማሹ መስታወት ግማሹ አመድ መሆኑን አላስተዋለም።

"አሁን የመጣህበትን ተናገር" አለ ጦጣ። "ስሜን በሩ ላይ ልትለጥፍ ነው?"

"ለጥፌዋለሁ።"

"ሳትጠይቀኝ።"

"ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"ከለጠፍክ በኋላ?" ጦጣ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ያን ጊዜስ ምን ሆነህ ነው? አዛዡ ጋ ዓይንህን በጨው አጥበህ ስትገባ ምን አደረግሁህ?"

ሹፌሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው ኖሯል፤ መልሱንም በልቡ አሳምሮ አዘጋጅቶ ነበር። ያሳመረው ሁሉ ጠፋበት። "የዱቄት ፋብሪካው የተቃጠለ ቀን ከላይ ሆነህ ቱቦውን ለቀቅከው" አለ። "እጅህ አልታዘዝ ስላለህ ነው። እኔ ከታች ሆኜ አየሁ። ቀጥሎ የምትለቀው መሰላሉን ነው ብዬ አሰብኩ። ፈራሁ፣ በቃ። ቆሜ ልቀብርህ አልፈለግሁም።"

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"እምቢ ትለኛለህ ብዬ።"

"እምቢ እልህ ነበር።"

"አየህ?"

"ምኑን ነው የማየው?" ጦጣ ጠረጴዛውን መታው፤ ማንኪያዎቹ ዘለሉ። "ልክ ነበርክ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከአንተ በፊት አውቄዋለሁ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ነው የቀደምከኝ። እምቢ ማለቱም፣ እሺ ማለቱም የእኔ ነበር። አንተ ለእኔ አዝነህ ከእጄ ነጠቅከኝ።"

ሹፌሩ የእጁን መንቀጥቀጥ ጦጣ ራሱ ያውቃል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ማሰብ ነበረበት። "ልክ ነህ" አለ። "በደልኩህ።"

"ይቺን ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ቫርኒሽ ምርጫ አስቸገረኝ።"

ጦጣ አልሳቀም። ተነሥቶ በሩን ከፈተ። "ስሜን አንሣው" አለ። "በሩ ባዶ ይሁን።"

ሹፌሩ ማንኪያዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ቤት ሲደርስ ሁለት ብቻ መሆናቸውን አየ፤ የሚያብለጨልጨው የለም። መንገድ ላይ የወደቀበት መሰለው።

አዛዡ አምሳያውን ሊወስድ በማግስቱ ይመጣል፤ ሥራው ማለቅ ነበረበት። ሹፌሩ በማለዳ ተነሣና በመኪናው ወገብ ላይ፣ ከኮፈኑ እስከ ኋላው፣ የወረቀት ፕላስተር አሰመረ፤ ቀኙን ጎን በጋዜጣ ሸፈነ፤ ግራውን በደብዛዛው ቫርኒሽ ነፋው። ግራው ጎን ሲደርቅ ልክ ዝናብ የጠገበ ሹፌር የሚነዳው መኪና መሰለ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ እውነት የሆነ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ደስ ግን አላለውም። ከዚያ ጋዜጣውን ገለጠና "ጦጣ" ከሚለው ጽሑፍ ጋር ተፋጠጠ። አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ጫን አድርጎ መሳብ ብቻ ነው። ፕላስተሩን ቆረጠ። ጣቱ ላይ አጣብቆ ተቀመጠ። ተነሥቶ ውሃ ጠጣ። ተመልሶ ተቀመጠ።

በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ከፈተች።

"እንዴት ነሽ" አለ የጦጣ ድምፅ። "የባልሽን ማንኪያ ልመልስ ነው። ሌባ እንዳልባል።"

"ግባ እንጂ። ማንኪያ ለመመለስ ነው ፂምህን የተላጨኸው?"

ጦጣ መልስ ሳይሰጣት ገባ። የሚያብለጨልጨውን ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መኪናውን አየ። መጀመሪያ ግራውን አየ። "ይሄ አንተ ነህ" አለ። ዞሮ ቀኙን አየ። የስፌት መኪናው መንጣጣቱን አቁሟል።

"አንሣው አልኩህ እኮ።"

"ላነሣው ነበር" አለ ሹፌሩ፣ ጣቱ ላይ የተጣበቀችውን ፕላስተር እያሳየ። "እጄ እምቢ አለኝ። ቫርኒሽ ስላልተነፋበት በዚህች ይነሣል፤ ከተነፋበት በኋላ ግን በብርጭቆ ወረቀት ካልሆነ አይነሣም።" ፕላስተሯን ከጣቱ ልጦ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፋት። ከጎኗ የሚያበራውን ቫርኒሽ ጣሳ አቆመ። ወንበሩንም ወደ ኋላ ሳበ። "እኔ አልነካውም። ስሙ ያንተ ነው። እሺውም እምቢውም ያንተ ነው።"

ጦጣ ፕላስተሯን ተመለከተ። እጁን ዘረጋ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም አዩት፣ እሱም ማየታቸውን አየ። ፕላስተሯን አልፎ ጣሳውን ያዘ። እንደያዘው ቫርኒሹን እንድታማስል በውስጡ የተደረገችው የብረት ኳስ በራሷ መንኳኳት ጀመረች፤ ካ ካ ካ ካ አለች። ሹፌሩ ወለሉን አየ።

"ይሄ ነገር" አለ ጦጣ፣ ጣሳውን እያዳመጠ፣ "ከመነፋቱ በፊት መናወጥ አለበት ይባላል።"

"አዎ" አለ ሹፌሩ። "ካልተናወጠ ይተፋል።"

"ብዙ ነው የሚናወጠው?"

"ብዙ ነው። ክንድ ያዝላል።"

"የእኔን አያዝልም።" ጦጣ ጣሳውን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ምንም ሳያደርግ ኳሷ በደንብ ትንኳኳለች። "በዚህ ሥራ እኔን የሚያህል የለም። መንፋቱ ግን ያንተ ነው። እኔ ከነፋሁ በሩን ስቼ ሚስትህን ነው የምቀባት።"

ሚስቱ ጨርቁን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሹፌሩም ሊስቅ ነበር፤ ግን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፣ ቫርኒሹ ነው አለ። ገና አልተነፋም ነበር።

ጦጣ አናውጦ አቀበለው። ሹፌሩ ግራውን በአዲስ ፕላስተርና ጋዜጣ ሸፈነ፣ ጣሳውን ከበሩ ራቅ አድርጎ ያዘ፣ ከኋላ ወደፊት በአንድ ትንፋሽ አሳለፈው። ስስ እርጥበት በሩ ላይ አረፈ። ነጩ ጽሑፍ ከሥሩ ገባና ያብለጨልጭ ጀመር። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

"አንድ እጅ አይበቃም" አለ ጦጣ። "የእኔ ጎን ነው።"

"ሁለተኛውን እጅ ትንሽ ደረቅ ሲል እንነፋለን" አለ ሹፌሩ። ከዚያ ነገሩ ከበደው። "አዛዡ ዛሬ ይመጣል። በሩ ባዶ ይሁን ነው ያለኝ።"

ጦጣ ጣሳውን ከእጁ ተቀበለው።

"እምቢ በለው" አለና ማናወጥ ጀመረ።